የአንጀት አሜባ፦ ጎጂውን ጉዳት ከሌለው የሚለየው ምንድን ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋና ሐረር ላይ የሰገራ ምርመራ ውጤት ይዘው የሚወጡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምረን መልሰናል።

አሜባ ትል ነው?

አይደለም። ትል ብዙ ሴሎች ያሉት እንስሳ ነው። አሜባ አንድ ሴል ብቻ ነው፤ በዓይን አይታይም። አንጀት ውስጥ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ትሮፎዞይት ይባላል፤ የሚንቀሳቀሰው፣ የሚበላውና የሚራባው እሱ ነው። ሁለተኛው ሳይስት ነው፤ ቅርፊት ለብሶ የተኛው ማለት ነው። ሳይስቱ በጣም ትንሽ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ላይ 80 ያህሉ ይሰለፋሉ።

ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ሳይስቱ ነው። ትሮፎዞይት ከሰውነት ከወጣ ብዙ አይቆይም፤ ቢዋጥም የጨጓራ አሲድ ይጨርሰዋል። ሳይስት ግን እርጥበት ካገኘ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያል። የሚፈራው ድርቀትና ሙቀትን ነው።

ከምን ይመጣል? ጫት፣ ሰላጣ፣ ጥሬ ሥጋ?

ከሰው ሰገራ ነው የሚመጣው፤ ሌላው ሁሉ ማመላለሻ ነው። ሳይታጠብ የተቆረጠ ሰላጣ፣ ባልታጠበ እጅ የተላጠ ማንጎና ፓፓያ፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ከርሞ እጅ የሚገባበት የጄሪካን ውሃ። ጫትም እዚህ ውስጥ አለ። ከአወዳይ ተነስቶ በስንት እጅ አልፎ፣ ውሃ ተረጭቶ፣ በጥሬው አፍ ውስጥ የሚገባ ቅጠል ነው። በልብስ ጠረግ ጠረግ ማድረግ ማጠብ አይደለም፤ በንጹህ ውሃ ይለቅለቅ።

ጥሬ ሥጋ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሥጋው ውስጥ የሚኖረው የኮሶ እጭ ነው እንጂ አሜባ አይደለም። ቆራጩ እጁን ካልታጠበ ግን ሥጋውም እንደ ሰላጣው ነው። የድሬ ውሃ ሲፈላ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚቀረው ነጭ ነገርም አሜባ አይደለም። ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ነው። በቧንቧ ውሃ ላይ የሚጨመረው የተለመደ የክሎሪን መጠን ሳይስትን ላይገድል ይችላል። ማፍላት ግን ይገድለዋል።

አሜባ ሁሉ በሽታ ያመጣል?

አያመጣም። ሰው አንጀት ውስጥ የሚኖሩ በርከት ያሉ የአሜባ ዝርያዎች አሉ። ኢንታሜባ ኮላይ፣ ኢንታሜባ ሃርትማኒ፣ ኢንዶሊማክስ ናና የሚባሉት ምንም ሳያደርጉን አብረውን ይኖራሉ። ተቅማጥ፣ ደም የቀላቀለ ሰገራና የጉበት መግል የሚያመጣው ኢንታሜባ ሂስቶሊቲካ ነው። ኢንታሜባ ዲስፓር የሚባለው ደግሞ ቁርጥ ሂስቶሊቲካን ይመስላል፤ ግን አንጀትን አይጎዳም።

ሂስቶሊቲካ ራሱ ያለበት ሰው ሁሉ አይታመምም። ከ10 ሰው 9ኙ ገደማ ምንም ምልክት ሳይኖረው ይዞት ይዞራል። ይሄኛው ሰው ባይታመምም ለሌላው ያስተላልፋል። አንዳንዱም ቆይቶ ይታመማል።

ውጤቴ "ሂስቶሊቲካ/ዲስፓር" ይላል። ላብራቶሪው ለምን አንዱን አይመርጥም?

መምረጥ ስለማይችል። ሁለቱም ሳይስታቸው አራት ኒውክለስ (የሴል አስኳል) አለው፤ መጠናቸውም ያው ነው። በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ሳይስቱን ብቻ አይቶ "ይሄ ሂስቶሊቲካ ነው" ሊል አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1997 እ.ኤ.አ. የጠራው የባለሙያዎች ስብሰባም በማይክሮስኮፕ ብቻ የታየውን በሁለቱም ስም ጻፉት ብሏል። እንደዚያ የሚጽፍ ላብራቶሪ ካገኙ ሥራውን የሚያውቅ ነው። "ሂስቶሊቲካ ታየ" ብሎ በእርግጠኝነት የሚጽፈው ነው ጥያቄ ሊያስነሳ የሚገባው።

አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ። ትሮፎዞይቱ ሆዱ ውስጥ ቀይ የደም ሴሎችን ውጦ ከታየ ሂስቶሊቲካ የመሆኑ ዕድል በጣም ከፍ ይላል። ይህንን ለማየት ግን ተቅማጡ ትኩስ መሆን አለበት፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቢታይ ነው የሚመረጠው። ጠዋት ቤት የተያዘ ናሙና ባጃጅ ላይ ተንገላትቶ ቀትር ላይ ላብራቶሪ ሲደርስ እንቅስቃሴው ሁሉ ቆሟል። ተቆጥቶ ባበጠ አንጀት ውስጥ የሚገኙ ትልልቅ ነጭ የደም ሴሎችም አሜባ ይመስላሉ። ብዙ "አሜባ ታየ" የሚል ወረቀት የሚወጣው ከእነሱ ነው።

ታዲያ ልዩነታቸው የት ነው?

አብዛኛው ነገር ያለው ገላቸው ላይ ነው። አሜባውን የሚጠቀልለው ስስ ሽፋን ባዶ አይደለም። ፕሮቲኖችና የስኳር ሰንሰለቶች ተተክለውበታል። አሜባ የአንጀት ግድግዳን የሚዳስሰው፣ የሚይዘው፣ የሚጎዳውም በእነዚህ ነው። ማይክሮስኮፕ ቅርጽና ኒውክለስ ያሳያል፤ እነዚህን ሞለኪውሎች አያሳይም። ለዚህ ነው ላብራቶሪ ላይ የሚመሳሰሉት ሁለቱ አሜባዎች አንጀት ውስጥ ሌላና ሌላ የሆኑት።

ሦስት ነገሮች ዋና ናቸው፦ የሚጣበቅበት፣ የሚቆርጥበትና የሚከለልበት። ሦስቱን ለየብቻ ከታች እናያቸዋለን።

አሜባው አንጀት ላይ የሚጣበቀው በምንድን ነው?

ሌክቲን በሚባል ፕሮቲን ነው። ሌክቲን ስኳርን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ማለት ነው። የአሜባው ሌክቲን የሚይዘው ጋላክቶስንና የቅርብ ዘመዱን ነው። ትልቁ አንጀታችንን የሚሸፍነው ዝልግልግ ንፍጥ በእነዚህ ስኳሮች የተሞላ ነው፤ ከሥሩ ያሉት ሴሎችም ላይ አሉ። ሌክቲኑ ልብስ ላይ እንደሚጣበቅ ጭጎጎት ነው፤ ነካ ካደረገ አይለቅም።

ይሄ መጣበቅ ለሂስቶሊቲካ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። ሴል የሚገድለው በቀጥታ ሲነካው ብቻ ነው። ተመራማሪዎች ቱቦ ውስጥ ጋላክቶስ ሲጨምሩ ሌክቲኑ በዚያ ተይዞ አሜባው መጣበቅ አቃተው፤ መግደልም አቆመ። (ወተት ውስጥ ጋላክቶስ አለ፣ ወተት ልጠጣ? ለሚሉ፦ አይሠራም። ከወተት የሚገኘው ጋላክቶስ ትልቁ አንጀት ሳይደርስ ይመጠጣል።) አሜባው ከተጣበቀ በኋላ ሴሉን በቁሙ እየገመጠ ነው የሚበላው። ይህ የታወቀው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት መጀመሪያ ይገድላል፣ ቀጥሎ ይውጣል ተብሎ ነበር የሚታሰበው።

ዲስፓርም ሌክቲን አለው። ልዩነቱ ቅንብሩ ላይ ነው። የሁለቱ ሌክቲን ተመሳሳይ ቢሆንም አንዳንድ ቦታ ይለያያል፤ ሁለቱንም የሚያውቁ አንቲቦዲዎች (ሰውነት ጀርምን ለመያዝ የሚሠራቸው ፕሮቲኖች) አሉ፣ የሂስቶሊቲካን ብቻ የሚያውቁም አሉ። ትንሽ የምትመስል ልዩነት ናት፤ ግን ሁለቱን የሚለየው የሰገራ ምርመራ የተሠራው በእሷ ላይ ነው።

የሚቆርጥበትስ?

አንጀት ላይ መጣበቅ ብቻውን በሽታ አይደለም። ግድግዳውን ለማለፍ መጀመሪያ ንፍጡን፣ ቀጥሎ ሴሎቹን አያይዞ የያዛቸውን ነገር መቆራረጥ ያስፈልጋል። ሂስቶሊቲካ ለዚህ ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች አሉት። ከእነሱ አንዱ፣ ሲፒ5 በሚል አጭር ስም የሚጠራው፣ ገላው ላይ ይገኛል። ዲስፓር ላይ የዚህ ኢንዛይም ጂን ተበላሽቶ ቀርቷል፤ የሚሠራ ሲፒ5 የለውም።

ከርፕ1 የሚባል ሌላ የገላ ፕሮቲንም አለ። ሂስቶሊቲካ ላይ ይገኛል፣ ዲስፓር ላይ የለም። የጉበት መግል በማምጣት ላይ እጁ እንዳለበት በላብራቶሪ እንስሳት ታይቷል።

የሰውነት መከላከያ ለምን አያጠፋውም?

ይሞክራል። ሂስቶሊቲካ ግን መከለያ አለው። ገላው በስብና በስኳር በተሠሩ ረጃጅም ሞለኪውሎች ተሸፍኗል። የሁለቱ አሜባዎች ሽፋን በመጠንም በዓይነትም ይለያያል፤ ጎጂው ላይ በርከት ብሎ ይገኛል። ይህን ሽፋን የሚይዝ አንቲቦዲ የተሰጣቸው አይጦች ከጉበት መግል ተጠብቀዋል። ያ ማለት ሽፋኑ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም።

ደም ውስጥ ጀርም ላይ ቀዳዳ የሚከፍቱ ፕሮቲኖች አሉ፤ ሌክቲኑ እነሱንም ሥራ ያስፈታል። ከሁሉም የሚገርመው ግን ይሄ ነው፦ አንቲቦዲ ሲጣበቅበት አሜባው የተያዘውን የገላውን ክፍል ወደ ኋላው ገፍቶ ይጥለዋል። ጥሎትም መንገዱን ይቀጥላል።

ሁለት መሆናቸው መቼ ታወቀ?

ነገሩ ረጅም ነው። አሜባ ያለበት ሰው ሁሉ ለምን አይታመምም የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ኤሚል ብሩምፕት በ1925 እ.ኤ.አ. "እነዚህ ሁለት ዝርያዎች ናቸው፤ አንዱ ጎጂ፣ አንዱ ጉዳት የሌለው" አለ። ዲስፓር የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው። የሰማው አልነበረም። በማይክሮስኮፕ አንድ የሆነን ነገር ሁለት ነው ብሎ ማሳመን ከባድ ነበር።

ገላቸው ላይ ልዩነት እንዳለ ቀድመው ካሳዩት ሥራዎች አንዱ የሜክሲኮ ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ኮንካናቫሊን ኤ የሚባል ከባቄላ ዘመድ የሚገኝ፣ ስኳር የሚይዝ ፕሮቲን አሜባዎቹ ላይ ጨመሩ። ከታመሙ ሰዎች የመጡት አሜባዎች እርስ በርስ ተጣብቀው ተቋጠሩ። ካልታመሙ ሰዎች የመጡት እንደዚያ አልሆኑም። ገላቸው ላይ ያለው ስኳር አንድ ቢሆን ኖሮ አንድ ዓይነት ነገር በታየ ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዝ ያሉ ተመራማሪዎች በውስጥ ኢንዛይሞቻቸው ለዩዋቸው። የዲኤንኤው ማስረጃ ተጨምሮበት በ1993 እ.ኤ.አ. ሁለት ዝርያ መሆናቸው በይፋ ተጻፈ። ብሩምፕት ከተናገረ 68 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እኛ አገር የሚበዛው የትኛው ነው?

በዓለም ደረጃ ዲስፓር ከሂስቶሊቲካ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ በእስረኞችና በአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ በዲኤንኤ የተሠራ ምርመራም በማይክሮስኮፕ "አሜባ" ከተባለው ውስጥ በብዛት ያገኘው ዲስፓርን ነው። እንግዲህ ከድሬው መጋላም ሆነ ከሐረሩ ጁገል "አሜባ ታየብኝ" ብሎ የሚወጣው ሰው ሁሉ የሚታከም ነገር አለበት ማለት አይደለም። የሆድ ቁርጠቱ ከሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ጃርዲያ (ሌላ የአንጀት ጥገኛ)፣ ባክቴሪያ፣ ጨጓራ፣ ወይም የሚቆጣ አንጀት። አሜባ ተብሎ ከተዘጋ እነዚህን የሚፈልግ የለም፤ የእኔ ትልቁ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱን የሚለይ ምርመራ አለ?

አለ። አንደኛው የሂስቶሊቲካን ሌክቲን ሰገራ ውስጥ የሚፈልግ የአንቲጂን ምርመራ ነው። ለዚህ ሰገራው ትኩስ ወይም የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ ናሙና እንዳይበላሽ የሚጨመረው ፎርማሊን ውስጥ ከገባ አይሆንም። ሁለተኛው ፒሲአር ነው፤ ዲኤንኤውን ራሱን ያያል። ሁለቱም በየጤና ጣቢያው የሚገኙ አይደሉም፤ ሐኪምዎን መጠየቅ ግን አይከፋም።

የደም ምርመራም አለ፤ አንቲቦዲ የሚያይ ነው። ዲስፓር አንጀት ጥሶ ስለማይገባ ደም ውስጥ ያን ያህል ምላሽ አያስነሳም። ለጉበት መግል ይሄ ምርመራ በጣም ይረዳል። ችግሩ አንቲቦዲው ከዳኑ በኋላም ለዓመታት ሊቆይ መቻሉ ነው። አሜባ በሚበዛበት አገር "አለ" የሚል ውጤት የዛሬውን ይሁን የድሮውን አይናገርም።

አቦ፣ ፍላጅል ገዝቼ ብገላገልስ?

ይሄ ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠየቅ! መልሱ፦ ሳይመረመሩ አይሁን። ያለብዎት ዲስፓር ከሆነና ምልክት ከሌለዎት መድኃኒት አያስፈልግም፤ የ1997ቱ ምክርም ይሄው ነው። ፍላጅል (ሜትሮኒዳዞል) ያቅለሸልሻል፣ አፍን ብረት ብረት ያሰኛል፣ ከመጠጥ ጋር አይሄድም። እርጉዝ ከሆኑ ደግሞ የግድ ሐኪም ማየት አለበት።

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ትኩሳት ወይም ብርቱ ቁርጠት ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ቶሎ ይታዩ። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ለምግብ ጥሩ ናቸው፤ ሂስቶሊቲካን ለማከም ግን አይተማመኑባቸው።

መድኃኒቱን ጨርሼ ነበር። አሜባዬ ለምን ተነሳ?

ሦስት ምክንያት ሊኖር ይችላል። አንዱ መጀመሪያም አሜባ አለመሆኑ ነው። ሌላው እንደገና መያዝ ነው፤ ቤት ውስጥ ሳይስት የሚያወጣ ሰው ካለ ወይም ውሃው ያው ከሆነ ተመልሶ ይመጣል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሜትሮኒዳዞልና ዘመዱ ቲኒዳዞል ከአንጀት ላይኛው ክፍል ወደ ደም በደንብ ይመጠጣሉ። ግድግዳ ውስጥና ጉበት ውስጥ ያለውን አሜባ ጥሩ አድርገው ይገድላሉ፤ ትልቁ አንጀት ባዶ ክፍል ውስጥ ያለውን ግን አያጸዱም። ስለዚህ የተረጋገጠ ሂስቶሊቲካ ሲታከም ሁለተኛ መድኃኒት ይከተላል። ፓሮሞማይሲን ወይም ዲሎክሳናይድ የሚባሉት ናቸው፤ አንጀት ውስጥ ቀርተው ነው የሚሠሩት። ምልክት ሳይኖረው ሂስቶሊቲካ የተረጋገጠበት ሰው የሚታከመውም በእነዚህ ብቻ ነው። ሁሉም ፋርማሲ ላይ ላይገኙ ስለሚችሉ የታዘዘልዎት ከሆነ ዞር ዞር ብለው ይፈልጉ።

ተቅማጥ የለብኝም፤ ቀኝ ጎኔን ግን ያመኛል። አሜባ ጉበት ይገባል?

ይገባል። ሂስቶሊቲካ ግድግዳውን ጥሶ ደም ሥር ካገኘ በደም ተጉዞ ጉበት ይደርሳል፤ መግል ይቋጥራል። ትኩሳት፣ ከቀኝ ጎድን አጥንት በታች ሕመም፣ ላብ፣ ክብደት መቀነስ ይታያል። ብዙዎቹ ታማሚዎች በዚያን ጊዜ ተቅማጥ የላቸውም፤ ሰገራቸው ላይም አሜባ ላይታይ ይችላል። "ሰገራዬ ንጹህ ነው" ብሎ መተኛት አደጋ ነው። ጎልማሳ ወንዶች ላይ ከሴቶች እስከ 10 እጥፍ ይበዛል። እንዲህ ያለ ምልክት ካለ ድል ጮራ ሆስፒታልም ይሁን ሕይወት ፋና ሆስፒታል፣ አልትራሳውንድ ያለበት ቦታ ይሂዱ።

ዲስፓር ተለውጦ ሂስቶሊቲካ ይሆናል?

አይሆንም። የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው፤ ጂናቸው ተለያይቷል። ዛሬ ዲስፓር የተባለው ሰው ነገ ሂስቶሊቲካ ቢገኝበት ሌላ ሳይስት ውጧል ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ አንጀት አብረው ሊገኙም ይችላሉ።

ሂስቶሊቲካ ውስጥ ግን ልዩነት አለ። ራህማን የሚባለው የላብራቶሪ ዘር በዝርያው ሂስቶሊቲካ ነው፤ ጉዳት የማድረስ አቅሙ ግን ደካማ ነው። ሲመረመር የገላው ስኳራማ ሽፋን ከሌሎቹ የተለየ ሆኖ ተገኘ። ዝርያ ብቻውን ሁሉን አይወስንም ማለት ነው።

ዲስፓር በእርግጥ ምንም አያደርግም?

ያለው መረጃ በአብዛኛው አያደርግም ነው የሚለው። ሆኖም አንዳንድ የጉበት መግል ታማሚዎች ላይ፣ ሜክሲኮ ውስጥ ለምሳሌ፣ የዲስፓር ዲኤንኤ ተገኝቷል። መገኘቱ ግን መግሉን ያመጣው እሱ ነው ማለት አይደለም፤ አብሮ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ክርክሩ አልተዘጋም። ለአንድ የሐረር ወይም የድሬ ነዋሪ ግን ይሄ ክርክር ምልክት በሌለበት ፍላጅል ለመዋጥ ምክንያት አይሆንም።

ክትባት አለ?

ለገበያ የቀረበ የለም። ተስፋው ግን ያለው ያው ሌክቲኑ ላይ ነው። ዳካ፣ ባንግላዴሽ ውስጥ ለዓመታት ክትትል በተደረገባቸው ልጆች ላይ፣ አንጀታቸው ውስጥ ሌክቲኑን የሚይዝ አንቲቦዲ የነበራቸው አዲስ የሂስቶሊቲካ ኢንፌክሽን ቀነሰላቸው። አሜባው መጣበቂያውን ከተነጠቀ ንፍጡ ላይ መቀመጥ ያቅተዋል፤ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ክትባት የሚሠሩ ተመራማሪዎችም የሌክቲኑን ቁራጭ ወስደው የሚሞክሩት ለዚህ ነው።